በተከላ ቀን የጠፋ አገዳ

ለወንጂ አካባቢ አገዳ አብቃይ ገበሬዎችና ለወጣት የግብርና ባለሙያዎች ስለ ዘር አገዳና ስለ አተካከል የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ። የማሳ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የአገዳ ምርት ቀነሰ ሲባል ወሬያችን ሁልጊዜ ወደ ሁለት ነገር ይሄዳል። ማዳበሪያው ዘገየ፣ የውሃው ተራ ተዛባ እንላለን። እውነት ነው፤ ሁለቱም ምርት ያጎድላሉ፣ ሁለቱም መስተካከል አለባቸው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ከሁለቱም የሚቀድመውን ነው፤ የዘር አገዳው ከየት እንደመጣና መሬት ውስጥ እንዴት እንደተኛ። በዚያ ቀን የጠፋውን አገዳ ኋላ ዩሪያ አይመልሰውም። ያልበቀለ ተክል ማዳበሪያ አይበላም።

ጤፍ የዘራ ሰው ዘንድሮ ቢበላሽበት ለከርሞ ሌላ ዘር ፈልጎ ይዘራል። አገዳ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም። አንዴ ይተከላል፤ በወንጂ አየር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፤ ከዚያ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጥና ራቱን ይሆናል። አንደኛ ራቱን፣ ሁለተኛ ራቱን፣ ሦስተኛ እያለ ይቀጥላል። ፈሩ ውስጥ አንድ ሜትር ባዶ ከቀረ፣ ያ ባዶ ማሳው ተገልብጦ እስኪታደስ ድረስ በየቆረጣው ባዶ ነው። ራቱን ካለ ጉቶ ይበቅላል እንጂ ከባዶ መሬት አይነሳም።

እስኪ ሂሳቡን አብረን እናስላው። በአገራችን የስኳር እርሻዎች የተለመደው በፈርና በፈር መካከል ያለው ርቀት 1.45 ሜትር ነው። በዚህ ልክ አንድ ሄክታር ውስጥ 6,900 ሜትር ገደማ ፈር አለ፤ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ለቆረጣ የደረሰ 10 አገዳ ይኑር፣ አንዱ አገዳ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝን። 1,035 ኩንታል ይመጣል። አሁን ከፈሩ አንድ አሥረኛው ባዶ ነው እንበል። ከመንገድ ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ማሳ ሙሉ ነው የሚመስለው፤ ቅጠሉ ይሸፍነዋል። ግን 690 ሜትር ፈር ውስጥ አገዳ የለም፤ መቶ ኩንታል ጎደለ ማለት ነው። እርግጥ ከባዶው አጠገብ ያለው አገዳ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ጥቂት ይደጉማል። ግማሹን ተካ ብንል እንኳ 50 ኩንታል ጠፍቷል፤ በአምስት ቆረጣ 250 ኩንታል። አንድ ቤተሰብ ይህን ያህል አገዳ ሳያውቀው ያጣል፣ ከዚያም የፋብሪካውን ሚዛን ይጠረጥራል።

መቼም 1,035 ኩንታል ሲባል ብዙ ይመስላል። የዓለም አማካይ ምርት በሄክታር 700 ኩንታል አካባቢ ነው፤ እኛ እንበልጣለን የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አብዛኛው የዓለም አገዳ አንድ ዓመት አካባቢ ሲሞላው የሚቆረጥ ነው። የእኛ ተክል አገዳ፣ ማለትም ከተተከለ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆረጠው፣ 20 ወር ቆይቶ 1,035 ኩንታል ከሰጠ፣ በወር ሲካፈል 52 ኩንታል ገደማ ነው፤ 700ውን በ12 ብትካፍሉት 58 ይመጣል። ስለዚህ ምርታችሁን ከሌላ ጋር ስታወዳድሩ በሄክታር ብቻ አትቁጠሩ፤ በሄክታርና በወር ቁጠሩ። አገዳው በየወሩ መሬታችሁንም ውሃችሁንም ይዞ ነው የሚቆየው።

ወደ ዘሩ ልምጣ። ዛሬ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ የዘር አገዳ ማለት ለፋብሪካ ከደረሰ ማሳ ዳር ተቆርጦ የሚመጣ አገዳ አይደለም። የዘር አገዳ ለዘርነት ታስቦ፣ በራሱ መደብ ላይ፣ በራሱ እንክብካቤ የሚያድግ ሌላ ሰብል ነው። የበቆሎ ዘር የሚያባዛ ሰው የዘሩን ማሳ ከእህሉ ማሳ ለይቶ ይጠብቃል። አገዳ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ልማድ ይጠፋል። ጎረቤት ማሳ ላይ ያለው አገዳ ረዘም ብሎ ካማረ፣ እሱን ቆርጦ መትከል ነው።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት የምንተክላቸው ዝርያዎች ምን ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ማሰብ ይበቃል። ወንጂ የመጀመሪያውን ስኳር ያመረተው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ባቋቋመው ፋብሪካ። ከዚያ በ1955 የሸዋ፣ በ1962 የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ። በእነዚህ እርሻዎች ላይ ለረጅም ዓመት ከተተከሉት ዝርያዎች መካከል ኤን ሲ ኦ 334 እና ቢ 52-298 ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሕንድ ውስጥ ኮይምባቶር ከተዳቀለ ዘር ተነስቶ በደቡብ አፍሪካዋ ናታል የተመረጠ ነው፤ ሁለተኛው የባርቤዶስ ልጅ ነው። ሁለቱም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖሩ፣ ደግ ዝርያዎች ናቸው፤ ብዙ ስኳር ሰጥተውናል። ግን አገዳ ገበሬው ማሳ ላይ በፍሬ አይራባም፤ ከግንዱ ተቆርጦ ይተከላል። እናቱ የያዘችውን በሽታ ሁሉ ልጁ ይወርሳል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ዝርያው አረጀ፣ ደከመ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ዝርያው ራሱ ሳይሆን ከቁራጭ ወደ ቁራጭ የተላለፈው በሽታ ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ ክፉው ዓይን የማያየው ነው። ባለሙያዎች የራቱን መቀጨጭ የሚሉት በሽታ አለ፤ በ1940ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ ነው መጀመሪያ የታወቀው። መንስኤው የውሃ መተላለፊያ ቱቦዎቹ ውስጥ የሚኖር በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ አይበላሽም፣ ግንዱ ላይ ቁስል አይወጣም። አገዳው ብቻ ይቀጥናል፣ ያጥራል፤ ውሃ ሲያጥረው ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይጎዳል። በመጀመሪያው ቆረጣ፣ በተክል አገዳው ላይ፣ ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም፤ በአንደኛው ራቱን ትንሽ፣ በሁለተኛው ከዚያ በለጥ እያለ ይመጣል። ገበሬው መሬቴ ደከመ ይላል። ይህ በሽታ የሚዘዋወረው በገጀራ ነው። አንድ የታመመ አገዳ የቆረጠ ስለት፣ ቀጥሎ የሚያገኛቸውን ብዙ ጤነኛ አገዳዎች እየነካ ያሳምማል።

ፈውሱ ከታወቀ ቆይቷል። የዘር አገዳውን በ50 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ከወረደ ባክቴሪያው አይሞትም፤ ትንሽ ካለፈ ዓይኑ፣ ማለትም አንጓው ላይ ያለው ቡቃያ የሚወጣበት፣ ይቀቀላል። ስለዚህ በቤት በርሜል የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ሙቀት የሚቆጣጠር ገንዳ ይፈልጋል። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ግን አለ። ከታከመ ዘር ወይም በላቦራቶሪ ከትንሽ የተክል አካል በማባዛት (በቲሹ ካልቸር) ከተገኘ ንጹሕ ችግኝ የመጣ መነሻ ዘር በማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ፤ ያንን በራሳችሁ የዘር መደብ ላይ አባዙ፤ የዘር መደቡን ስትቆርጡ ሁለት ገጀራ ያዙ። አንዱ በበረኪና ውሃ ተነክሮ ሲቆይ በሌላው ትቆርጣላችሁ፤ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ስታልፉ ትቀያየራላችሁ። በረኪናው ብረቱን ስለሚበላው ማታ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ዘይት ቀቡት። ከዚህ የረከሰ መድኃኒት አላውቅም።

ሁለተኛው በሽታ አረማሞ ነው፤ ባለሙያዎች ስመት እንለዋለን። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአገዳው አናት ላይ ጅራፍ የመሰለ ጥቁር ነገር ይወጣል። በመጀመሪያ ብር በሚመስል ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ጥላሸት የመሰለ ዱቄት ይበናል። ያ ዱቄት በሙሉ የበሽታው ዘር ነው፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ይህን ስታዩ በእጃችሁ ነቅላችሁ እየጎተታችሁ ከማሳ እንዳታወጡት። እየጎተታችሁ ስትሄዱ ማሳውን ሁሉ ትዘሩበታላችሁ። ፌስታል ያዙ፤ ጅራፉን ከላይ ወደ ታች ፌስታሉ ውስጥ አስገቡት፣ አፉን እሰሩ፣ ከዚያ ቁረጡት። ቀጥሎ መላውን እግር ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡና አቃጥሉ። በዘር መደብ ላይ ይህ በሽታ በርከት ብሎ ከታየ፣ የዚያ መደብ አገዳ ወደ ፋብሪካ ይሂድ እንጂ ዘር አይሁን።

አንድ ማኅበር ምን ያህል የዘር መደብ ያስፈልገዋል? በተለመደው አተካከል ጥሩ የያዘ አንድ ሄክታር የዘር አገዳ ከስምንት እስከ አሥር ሄክታር ይተክላል። መቶ ሄክታር ያለው ማኅበር በየዓመቱ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 20 ሄክታር የሚያድስ ከሆነ፣ ሁለት ሄክታር ወይም ሁለት ሄክታር ተኩል የዘር መደብ ይበቃዋል። ከመቶው ሁለት ተኩሉን ለዘር መስጠት መሬት ማባከን የሚመስለው አባል እንዳለ አውቃለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሲነሳም ሰምቻለሁ። ቅድም ያሰላነውን 250 ኩንታል አስታውሱልኝና ፍርዱን ራሳችሁ ስጡ።

የዘር አገዳ ዕድሜው ከስምንት እስከ አሥር ወር ሲሆን ይመረጣል። 20 ወር የሞላው አገዳ ለስኳር ነው የደረሰው፤ ከታች ያሉት ዓይኖቹ ደርቀዋል፣ ጠንክረዋል። ለጋው አገዳ ግን ውሃውም ቶሎ የሚበላ ስኳሩም ስላለው ዓይኑ ፈጥኖ ይነቃል። ከመቆረጡ ከአንድ ወር ተኩል በፊት የዘር መደቡ ትንሽ ዩሪያ ቢያገኝ ይበልጥ ይበረታል። ስትጭኑት ገለባውን አትላጡ፤ ደረቁ ቅጠል የዓይኑ መከላከያ ነው። አይሱዙ ላይ እየተወረወረ፣ ሰው እየቆመበት የመጣ የተላጠ አገዳ ግማሽ ዓይኑ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ማሳ ሲደርስ በእጅ ይላጥ፤ በገጀራ ጀርባ እየተፋቀ አይሁን። በተቆረጠ በአንድ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ መሬት ይግባ።

አሁን አንድ ቁራጭ በእጃችሁ ያዙ እንበል። አንጓውን ብታዩት በአንድ በኩል ዓይን አለ፤ በዙሪያው ደግሞ በሁለት ሦስት ረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። እነዚያ ነጥቦች የመጀመሪያዎቹ ሥሮች የሚወጡባቸው ናቸው። አዲሱ ቡቃያ የራሱን ሥር እስኪያወጣ ድረስ ውሃ የሚጠጣው በእነሱ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ቁራጩ ውስጥ ያለውን ስኳር። በሁለት ወር ገደማ እነዚያ ሥሮች ይሞታሉ፤ ቡቃያው ራሱን ይችላል። ስለዚህ ቁራጩ ለሁለት ወር የሚበቃ ስንቅ መያዝ አለበት፤ አንጓው ሥር ተጠግቶ የተቆረጠ ቁራጭ ስንቁ አጥሯል። በአንጓና በአንጓ መካከል፣ በተሳለ ገጀራ፣ በአንድ ምት ቁረጡ። ስለቱ ሲደንዝ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ሻጋታ ይገባል። ሳይበቅል የቀረ ቁራጭ ቆፍራችሁ አውጥታችሁ ስትሰነጥቁት ውስጡ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ የበሰለ አናናስ ሽታ ከሸተታችሁ፣ የገባው እሱ ነው። ስሙም የአናናስ በሽታ ይባላል። በተለይ መሬቱ ቀዝቅዞ ወይም ውሃ አቁሮ ዓይኑ ለመንቃት ሲዘገይ ሻጋታው ይቀድመዋል።

ሙሉውን አገዳ ሳይቆራርጡ ፈር ውስጥ ማጋደም ሥራ የሚያቀልል ይመስላል። ግን የአገዳ ጫፍ ከሥሩ ያሉት ዓይኖች እንዳይነቁ የሚያግድ ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካል፤ ጫፉ አካባቢ ያሉት ብቻ ይበቅሉና መሃሉ ባዶ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ያለው ቁራጭ ሲሆን እያንዳንዱ ዓይን የመንቃት ዕድል ያገኛል። ፈሩ ውስጥ ስታስተኙት ዓይኖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሁኑ፤ ወደ ታች የዞረ ዓይን ቁራጩን ዞሮ ለመውጣት ጉልበቱን ይጨርሳል። ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ አገናኙ፤ ዘሩ የሚያጠራጥር ከሆነ ጥቂት ጣት ያህል አደራርቡ። ጤነኛ ዘር እያለ ድርብ አድርጎ መትከል ግን ዘር ማባከን ነው፤ ብዙ በቅሎ ተሻምቶ ይሞታል። ሁለት ሦስት ጣት አፈር ይበቃዋል። በአሸዋማ መሬት ትንሽ ጠለቅ ይበል፣ ቶሎ ስለሚደርቅ። በጥቁሩ ከባድ አፈር ላይ፣ በተለይ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ በቀረበባቸው የወንጂ ማሳዎች፣ ከፈሩ መሃል ይልቅ ወደ ጎኑ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ውሃ የተኛበት ቁራጭ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ስለ ወቅቱ አጭር ነገር ልበል። ዓይን በደንብ የሚነቃው አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ከ20 በታች ይንቀራፈፋል። መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወንጂ ከ1,500 በላይ ናት፤ የወንጂ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የመተሐራ ሌሊት አይደለም። ከመተሐራ የተቀዳ የተከላ ካላንደር እዚህ አይሠራም። በብርዱ ወራት መትከል ግድ ከሆነ፣ ለመጠባበቂያ ችግኝ አዘጋጁ፤ ወደዚህ አሁን እመጣለሁ።

በ30 ቀንና በ45 ቀን መካከል ማሳችሁ ውስጥ ግቡ። ዳር ላይ ቆማችሁ አትዩ። 20 ሜትር ገመድ ያዙ፣ በማሳው ሰያፍ እየሄዳችሁ አሥር ቦታ ዘርጉ፣ ከግማሽ ሜትር የሚበልጠውን ባዶ ሁሉ ለኩና ደምሩ። በዚህ መንገድ 200 ሜትር ለክታችኋል፤ 20 ሜትር ባዶ ካገኛችሁ ማሳችሁ አሥር በመቶ ባዶ ነው። መሙላት ያለበት ያኔ ነው። ሁለት ወር ካለፈው በኋላ የሚተከለው መተኪያ ጎረቤቱ ያጠላበታል፤ ቀጥኖ ይቀራል፣ ለቆረጣም አይደርስም። የዘገየ መተኪያ ሠርተው የለፉበት ውጤት ያጡ ሰዎች መሙላት አይጠቅምም ሲሉ ሰምቻለሁ። መሙላት ይጠቅማል፤ ጊዜው ነው ያለፈባቸው። የሚሞላውም በደረቅ ቁራጭ ሳይሆን ቀድሞ በበቀለ ችግኝ ነው።

ችግኙ እንዴት ይዘጋጃል? እዚህ ላይ የሌሎች አገሮች ልምድ ይረዳናል። ማዳጋስካር ውስጥ ሄንሪ ደ ሎላኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሩዝ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ለጋ ችግኝ አንድ አንድ ሆኖ ራቅ ራቅ ተደርጎ ሲተከል ከሥሩ ብዙ ልጅ ያወጣል። ሐሳቡ ሕንድ ደረሰ። በ2009 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሃይደራባድ የሚገኘው ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋምና ደብሊው ደብሊው ኤፍ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት አንድ ላይ ሆነው ያንኑ ሐሳብ ወደ አገዳ አመጡት። ሙሉ ቁራጭ ከመትከል ይልቅ ዓይኑን ብቻ፣ ከትንሽ የግንድ ቅርፊት ጋር ፈልፍሎ ማውጣት ነው። አንዱ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። ችግኝ ቤት ውስጥ ከ25 እስከ 35 ቀን አድጎ፣ በፈርና በፈር መካከል አንድ ሜትር ተኩል፣ በተክልና በተክል መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይተከላል።

ልዩነቱን ቁጠሩት። ሕንድ ውስጥ በተለመደው አተካከል ለአንድ ሄክታር ከ60 እስከ 80 ኩንታል የዘር አገዳ ይገባል። በዚህ መንገድ 11 ሺህ ገደማ ችግኝ ይበቃል፤ የዓይኖቹ ክብደት ከሁለት ኩንታል አይበልጥም። ዓይኑ የወጣለት ግንድም አይጣልም፤ ይጨመቃል። ከአንድ ሄክታር ዘር የሚተከለው መሬት ስለሚበዛ ንጹሕ ዘር ወይም አዲስ ዝርያ ገበሬው ጋር ለመድረስ የሚፈጀው ዓመት ይቀንሳል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ነው። ብራዚልም፣ ሁሉን ነገር በማሽን የምትሠራው አገር፣ የመትከያ ማሽኑ ዓይን እየሰበረ በሄክታር እስከ 200 ኩንታል ዘር ሲበላባት፣ ካምፒናስ ያለው የግብርና ምርምር ተቋሟ ቀድሞ የበቀለ ችግኝ ወደሚለው ዘዴ መራት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዓይኑን የሚፈለፍለውን መሣሪያ የከተማችን ብየዳ ቤት ይሠራዋል፤ ግማሽ ክብ ስለት ያለው፣ በእጅ ተጭኖ የሚሠራ ነው። የተፈለፈሉት ዓይኖች ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ውስጥ ተነክረው፣ ሴል ባለው ትሪ ወይም በምታውቁት የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጣሉ። ትሪዎቹ ተደራርበው በላስቲክ ይጠቀለላሉ፤ ለአንድ ሳምንት ገደማ ውስጡ ይሞቃል። ላስቲኩ ሲገለጥ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ብለው ታያላችሁ፤ ያን ጊዜ ዘርግቶ ከፊል ጥላ ሥር ውሃ ማጠጣት ነው። የወንጂን ብርድ የምታሸንፉት በዚህ ላስቲክ ነው።

ይህን ስል ሁሉን ማሳ ወደ ችግኝ ቀይሩ ማለቴ አይደለም። 60 ሴንቲ ሜትር ልጅ ለሚያበዛ ዝርያና ለሞቃት ቦታ ነው የተቀመጠው። 11 ሺህ እግር ቅድም ካሰላነው ሄክታር የሚገኘውን 69 ሺህ አገዳ (6,900 ሜትር በ10) ለመስጠት እያንዳንዱ ስድስት ሰባት የደረሰ አገዳ ማውጣት አለበት። ልጅ ለሚቆጥብ ዝርያና ለወንጂ አየር 45 ሴንቲ ሜትር የተሻለ ይመስለኛል። ደግሞም ችግኝ የራሱ ስንቅ የለውም፤ በተተከለ ዕለት ውሃ ካላገኘ ይሞታል። ቁራጭ ጥቂት ቀን ይታገሣል፣ ችግኝ አይታገሥም። የውሃ ተራው እርግጠኛ ያልሆነ ገበሬ መጀመሪያ የውሃውን ጉዳይ ይጨርስ። ጨዋማነት ያለበት መሬት ላይም ለጋ ችግኝ አይጠናም።

በሰፋፊው ፈር መካከል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቦሎቄ ይገባል። አገዳው ገንዘብ እስኪሆን ከዓመት ተኩል በላይ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአገዳው ሥር ግን አንድ ስንዝር ተኩል ይራቅ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን ከነመልሳቸው አስፍሬአለሁ።

አንድ አባት፣ "አራተኛ ራቱን ላይ ነኝ፤ ልገልብጠው ወይስ ባዶውን ልሙላው?" ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ በገመዱ ይለኩት። ባዶው ከሩብ በላይ ከሆነ ይገልብጡት፤ ሩብ ያህል ጉቶ የሞተበት ማሳ ላይ የሚወጣው ውሃና ማዳበሪያ ከሚመጣው አገዳ ይበልጣል። ከዚያ በታች ከሆነና አገዳው ካልቀጠነ ያቆዩት። ነገር ግን ራቱን ባዶ ላይ ችግኝ ስትተክሉ ጉቶው ሥር ስላለው ይቀድመዋል፤ ከቆረጣ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ካልሆነ አይድከሙ። አቆራረጡም ይታይ፤ ጉቶው ከመሬት እኩል ይቆረጥ። ስንዝር ትቶ የተቆረጠ ጉቶ ከመሬት በላይ ካለው ዓይን ያቆጠቁጣል፣ ያ ቡቃያ የራሱን ሥር መሬት ውስጥ መስደድ አይችልም።

አንድ ወጣት፣ የተቃጠለ ማሳ ጫፍ ላይ ለምለም ሆኖ የተረፈውን አገዳ ለዘር መቁረጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይቻልም። ላዩ ለምለም ቢመስልም ሙቀቱ ዓይኑን ነክቶታል። ዕድሜውም ለስኳር የደረሰ ነው፣ ለዘር አይሆንም።

አንዲት እናት የችግኙ አፈር እንዴት እንደሚቀላቀል ጠየቁ፤ ትሪ መግዛት ካልተቻለም በፕላስቲኩ እንዳሳያቸው ጠየቁ። ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ፤ በየቀበሌው የዛፍ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራበት ያው ነው። በኮምፖስቱ ፋንታ የፋብሪካውን ፊልተር ኬክ፣ ማለትም የአገዳው ጭማቂ ሲጣራ የሚቀረውን ዝቃጭ፣ መጠቀም ይችላሉ፤ ግን ከፋብሪካ በወጣበት ሳምንት አይደለም። ትኩሱ ክምር ውስጡ ይፈላል፣ የለጋውን ሥር ያቃጥለዋል። ጥላ ሥር ከምረው፣ እያገላበጡና እርጥበቱን እየጠበቁ ሁለት ሦስት ወር ያቆዩት። እጅዎን ክምሩ ውስጥ አስገብተው ሙቀት ካልተሰማዎትና ሽታው የጫካ አፈር ሽታ ከሆነ ደርሷል፤ ነፍተው ይቀላቅሉት።